መድፉን የጎተቱት ሰዎች ስም

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ዓይናቸው እየከዳቸው መምጣቱን ለሰው ሳይናገሩ ሦስት ዓመት ኖሩ። ቅዳሴውም ድጓውም አላስቸገራቸውም። በልጅነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ቤት ገብተው ዐሥራ አንድ ዓመት የተማሩት ዜማ በጨለማም በብርሃንም ያው ነው፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ይመጣል። ያስጨነቃቸው በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚነበብ አንድ ቅጠል ብራና ነበር።

የሚያገለግሉበት ደብር አስታ አፋፍ ሚካኤል ይባላል። ከንፋስ መውጫ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ ገደል ጫፍ ላይ የተቀመጠ፣ ከገብስና ከባቄላ በቀር ሌላ እህል የማያበቅል አገር። ከዕቃ ቤቱ መጻሕፍት አንዱ ድርሳነ ሚካኤል ነው። ድርሳኑ አልቆ ባዶ በቀረው የመጨረሻ ቅጠል ላይ የአርባ ሦስት ሰዎች ስም ተጽፎ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ትልቁን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገዱ በጋይንት ነበርና፣ ያኔ ከዚያች መንደር ለጥርጊያና ለገመድ ተይዘው ሄደው ሳይመለሱ የቀሩ ናቸው። ማንን ናዳ እንደ በላው፣ ማንን ብርድ እንደ ገደለው አልተጻፈም። የጻፈው ዲያቆን ስማቸውን ብቻ አስቀምጦ አለፈ። ሬሳ አልመጣም፣ መቃብርም የለም፤ የቀረው ያ ቅጠል ነው።

በየዓመቱ ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ቅዳሴ ሲያበቃ፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ መጽሐፉን ይዘው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ይቆማሉ። አንድ ስም ሲጠሩ ሕዝቡ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ሁለተኛውን ሲጠሩ እንደዚያው። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ወልደ ሰንበት በመቁጠሪያቸው ይቆጥራሉ፤ አርባ ሦስት ሲሞላ «አሜን» ብለው ይዘጋሉ። መንደሩ በንጉሡ አይኮራም ማለት አይደለም። ካሣ የሚባል ልጅ የሌለበት ቤት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሠርግ ላይም የሚፎከረው በእሳቸው ስም ነው። በታኅሣሥ ግን የሚለቀሰው ለአርባ ሦስቱ ነው። ሁለቱን ነገር አጋጭቶ ያየ ሰው አልነበረም።

የቀድሞው ገበዝ መጽሐፉን ሲያስረክቧቸው «በቃልህ እንዳትይዘው» ብለዋቸው ነበር። «በቃል የተያዘ ስም ይዋልላል፤ ሁልጊዜ ከብራናው አንብበው።» ሃያ ስምንት ዓመት እንደ ታዘዙት አነበቡ። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ አንድ ስሞች በጥቁር ቀለም፣ ጎላ ብለው ነው የተጻፉት። ቦታ ሲጠብበት ጊዜ ጸሐፊው የቀሩትን ዐሥራ ሁለት በቀይ፣ እንደ ጤፍ ቅንጣት አድቅቆ ከግርጌ አጨናነቃቸው። የመሪጌታ ዓይን መዳከም ሲጀምር መጀመሪያ የጠፋው ያ ቀይ መስመር ነበር።

መስመሩ በጠፋባቸው በመጀመሪያው ዓመት ታኅሣሥ፣ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ሠላሳ አንደኛውን ስም ጠሩ። ቀጥለው ዝቅ ሲሉ ብራናው ባዶ ሆነባቸው። ሕዝቡ ይጠብቃል። የቄስ ወልደ ሰንበት ጣት መቁጠሪያው ላይ ቆሟል። መሪጌታ አላቋረጡም። ትዝ ያላቸውን ጠሩ፤ ትዝ ያላላቸውን ከአፋቸው እንደ መጣ ሞሉት። «አሜን» ተባለ፤ ሰዉም ወደየቤቱ ሄደ።

ጉዱ የመጣው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ይታይሽ የምትባል ባልቴት፣ ልጆቿን ቀብራ ብቻዋን የምትኖር፣ እያለቀሰች መጥታ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች።

«የኔታ፣ ቢሻው አሉ! በጆሮዬ ሰማሁ፤ ቢሻው አሉ!»

ቢሻው የቅድመ አያቷ ስም ነው። መድፍ ሊጎትት ሄዶ ቀረ ይሉ ነበር ዘመዶቿ፤ መንደሩ ግን ስሙ ከዝርዝሩ ስለሌለ «ሸሽቶ ነው፣ ወገኑን ጥሎ ነው» እያለ ያማቸው ነበር። በእርሻ ድንበር ጠብ እንኳ የሚሰደቡት በሱ ነው፤ «የከጂ ዘር» ይሏቸዋል።

«እስካሁን ጆሮዬ ደፍኖኝ ኖሯል» አለች ይታይሽ። «ቅዱስ ሚካኤል ነው ዛሬ የከፈተልኝ።»

መሪጌታ ያንን ስም ከየት እንዳመጡት አያውቁም። ምናልባት ከቀዩ መስመር ውስጥ በእውነት ነበረ፤ ምናልባት ከሷው አፍ የሰሙት ነው። ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቷ አይታያቸውም፤ እንባዋ ግን እጃቸው ላይ ይወርድ ነበር። «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር» ብቻ አሏት። ይታይሽ የገና ጾም ሲፈታ ያላትን አንዲት በግ አርዳ የቢሻውን ተዝካር አወጣች። «የከጂ ዘር» ያሏት ሰዎች መጥተው በሉ። ከዚያ ወዲያ መሪጌታ ቢሻውን በየዓመቱ ይጠሩ ነበር፤ ሌላ ምን ያድርጉ?

ዲያቆን ጠርቶ ቀዩን መስመር ማስነበብ ይቻል ነበር። ነገር ግን ያነበበ ሁሉ ብራናውና እሳቸው የጠሩት እንደሚለያይ ያውቃል። ለንስሓ አባታቸው ለቄስ ወልደ ሰንበት እንኳ አልተናገሩም። የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ መጥተዋል ሲባል ደብረ ታቦር ድረስ ሄደው ታዩ። «ሞራ ቢሆን እንገፍፈው ነበር፤ የእርስዎ ግን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውም ብዙ አይቆይም» አሏቸው።

በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሰናይት መጣች። ሰናይት የመንደሩ ልጅ ናት፤ ተምራ ንፋስ መውጫ የቅርስ ባለሙያ ሆና ተቀጥራለች። መሪጌታን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አገኘቻቸው።

«የኔታ፣ ንጉሡ መቅደላ ላይ የሞቱበት መቶ ሃምሳኛ ዓመት ሊከበር ነው» አለቻቸው። «ስለ ሕይወታቸውና ስለ ዘመነ መንግሥታቸው ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ከኛ ከተማ ጀምሮ በየከተማው ይዞራል። ስለ ንጉሡ ሰይፉም፣ ደብዳቤውም፣ ሥዕሉም ተሰብስቧል። መድፉን ስለ ጎተቱት ሰዎች ግን ከእኛ ቅጠል በቀር የተገኘ የለም።»

«ቅጠሉን ምን ልታደርጉት ነው?»

«ፎቶ ይነሣና ግድግዳ አክሎ ይሰቀላል። አንዱ ፊደል የመዳፍ ያህል ይሆናል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። «የመዳፍ ያህል?»

«አዎ፣ የኔታ። ከሩቅ ይነበባል።»

ለራሳቸው ምን እንዳሉ እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ። የመዳፍ ያህል ከሆነ እሳቸውም ያነቡታል። ዐሥራ ሁለቱን ስም አንድ ጊዜ አይተው ይይዙታል፤ ቢሻው ካለ ያርፋሉ፤ ከሌለም ነገሩ በፊደል ይገለጣል እንጂ በእሳቸው አፍ አይሆንም። ከሦስት ዓመት ወዲህ ልባቸው ቀለል ያለው ያን ቀን ብቻ ነበር።

ሰናይት ስልኳን አውጥታ «እኔም ለመዝገብ ላንሣው» ብትል ግን ደነገጡ። አሁን፣ እዚህ፣ ከፊታቸው ጮክ ብላ ብታነብበውስ?

«ተይ! ብልጭታው ቀለሙን ይበላዋል።»

«ያለ ብልጭታም ይነሣል እኮ።»

«አይሆንም አልኩሽ፣ ልጄ። እዚያው ባለሙያው በወጉ ያንሣው።»

ሰናይት አከበረቻቸው፤ ስልኳን መለሰች።

ሰበካ ጉባኤው ሲሰበሰብ ቄስ ወልደ ሰንበት አልወደዱትም። «ከመቅደስ የወጣ ዕቃ የመመለሻውን መንገድ አያውቅም» አሉ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። መሪጌታ ግን ተነሥተው «በእኔ ይሁን፤ ቢጠፋ በእኔ ይጠየቅ» አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸውና ማን ይመልሳቸዋል? ውሉ ላይ ሰናይት ጣታቸውን ይዛ ቦታውን አሳየቻቸው፤ ፈረሙ።

ሚያዝያ ላይ ዐውደ ርእዩ ንፋስ መውጫ በአንድ አዳራሽ ተከፈተ። መሪጌታ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ገና ሲነጋጋ ተነሥተው በእግር ወረዱ። አዳራሹ በሰው ተጨናንቋል። በድምፅ ማጉያ ሽለላ ይጮኻል፤ መሐል ላይ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራ መድፍ ቆሟል፤ ወጣቶች እየተፈራረቁ አፉ ላይ ተቀምጠው በስልክ ፎቶ ይነሣሉ። ሰናይት ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው።

«ግድግዳው የት ነው?» አሏት።

«ይኸው ነው፣ የኔታ።»

ቀርበው አዩ። ትልቅ ነገር፣ ጥቁርና ቡናማ፤ ፊደል ግን አይመስልም።

«ምንድነው ይህ? አንብቢልኝ እስቲ።»

«ሥዕል ነው። ንጉሡ በፈረስ ላይ፣ መድፉ ከኋላቸው። ከታች ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች አሉ።»

«ፊታቸው ይታያል?»

«ጀርባቸውን ነው የሣሏቸው።»

«ቅጠሉስ?»

«አልተሰቀለም» አለች ሰናይት። «ኮሚቴው ትናንት ማታ ነው የነገረኝ። ተከራከርኩ፣ የኔታ፤ እመብርሃንን፣ ተከራከርኩ።»

የኮሚቴው አስተባባሪ ደምሌ የሚባል ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጎንበስ ብሎ መስቀል የሌለውን እጃቸውን ሳመ፤ ወንበርም አስመጣላቸው።

«የኔታ፣ ይህ የክብር ዐውደ ርእይ ነው» አላቸው። «ሰው ሊኮራ ነው የሚመጣው። የሙት ዝርዝር ግድግዳ ላይ ብንሰቅል በዓሉን ያደበዝዝብናል። መጽሐፋችሁን ግን በክብር አስቀምጠነዋል፤ ሥዕሉ እንዴት ያምራል!»

መጽሐፉ መስታወት ውስጥ ነበር። የተገለጠው መካከሉ ላይ፣ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ካለበት ነው። መሪጌታ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ቢያዩ ቀይና ቢጫ ጭጋግ ብቻ ታያቸው። ቅጠሉ ከዚያው ሥር ነው፤ ከግንባራቸው አንድ ስንዝር አይርቅም።

«ክፈቱልኝ። መጨረሻውን አንድ ጊዜ ልየው።»

«ቁልፉ እዚህ የለም፣ የኔታ።»

«እንግዲያው መጽሐፌን መልሱልኝ፤ ይዤው ልሂድ።»

«ውሉ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነው» አለ ደምሌ ቀስ ብሎ። «እርስዎ ራስዎ ፈርመዋል።»

ከኋላቸው የቆመ አንድ ወጣት «አባ፣ ፎቶ ልንነሣ ነበር፤ ትንሽ ገለል ይበሉልን» አላቸው። ገለል አሉ።

ዐውደ ርእዩ ሳምንት ቆይቶ ሄደ። ከከተማ ከተማ ዞረ። ክረምቱ ገባ፤ የሚካኤል ቅጥር በጉም ተዋጠ፤ የመሪጌታም ዓይን ከጉሙ ጋር አብሮ ሄደ። ነሐሴ ሲያልቅ መንገዱንና ሜዳውን መለየት ተስኗቸው ነበር። በመስከረም አጋማሽ መኪና መጽሐፉን ንፋስ መውጫ አራገፈውና ሰናይት ራሷ ተሸክማ አመጣችው።

ቄስ ወልደ ሰንበትና ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተረከቡ። መሪጌታ ከቆዳ ማኅደሩ አወጡት፤ ሽፋኑን ዳሰሱ፤ ደህና ነው። ከፊት ጀምረው በጣታቸው እያለፉ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ከሽፋኑ በፊት ሊገኝ የሚገባው ቅጠል አልተገኘም። ደግመው ዳሰሱ። ጣታቸው ስፌቱ ሥር አንዲት ቀጭን ጠርዝ አገኘች፤ የተቀደደች አይደለችም፤ በስለት የተቆረጠች ለስላሳ ጠርዝ ናት።

«ወልደ ሰንበት» አሉ፣ ማዕረጋቸውን ረስተው። «እስቲ አንተ እየው።»

ቄስ ወልደ ሰንበት አዩት። መጽሐፉን ከእጃቸው ወስደው ዘጉት። «የለም» አሉ።

ሰናይት መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ነክሳ አለቀሰች።

በማግሥቱ መሪጌታ፣ ቄስ ወልደ ሰንበትና ሰናይት ወደ ንፋስ መውጫ ወረዱ። ሰናይት ለደምሌ በስልክ ደወለችለት፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገች። «የተረከብነው አንድ መጽሐፍ ነው» አለ ደምሌ። «ያስረከብነውም አንድ መጽሐፍ ነው። ሰነዱ ላይ የቅጠል ቁጥር አልተጻፈም። መጀመሪያውኑ ቅጠሉ እንደ ነበረ በምን ይታወቃል? ፎቶ አላችሁ?»

ፎቶ አልነበራቸውም። ሰናይት ቀና ብላ መሪጌታን አላየቻቸውም፤ ይሉኝታ ይዟት ነው። እሳቸው ግን ፊቷን ወደ ሌላ እንዳዞረች ከድምፅዋ አወቁ። ሁለተኛ ሲደወል ኮሚቴው ሥራውን ጨርሶ ተበትኗል ተባለ። ለፖሊስ አመለከቱ፤ ቃላቸው ተጻፈ። በየትኛው ከተማ፣ በማን እጅ እንደ ተቆረጠ የሚናገር አልተገኘም። ሰናይት ለበላይ አካል ሦስት ደብዳቤ ጻፈች፤ መልስ የመጣላት ለሦስተኛው ነው፤ መልሱም ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረችበት ነበር።

ታኅሣሥ ደረሰ። ገብሱ ታጭዶ አውድማው ተለቅልቋል። የሚካኤል ዕለት ቅዳሴ አለቀና መሪጌታ ቀለመ ወርቅን አንድ ዲያቆን ክንዳቸውን ይዞ ዐውደ ምሕረቱ ላይ አቆማቸው። መጽሐፍ አልያዙም። ቅጠሉ መጥፋቱን መንደሩ ሰምቷል፤ «የኔታ በቃላቸው ያውቁታል» ብሎ ተጽናንቶ ነው የመጣው።

ጀመሩ። ጥቁሮቹን ስሞች አንድ በአንድ ጠሩ፤ ሕዝቡ «ነፍስ ይማር» አለ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«የቀሩትን አላውቃቸውም» አሉ።

ቄስ ወልደ ሰንበት ጠጋ ብለው «አምና የጠሯቸውን ይጥሩ እንጂ፣ የኔታ» አሉ በለሆሳስ።

«አምና የጠራሁት ከብራና አይደለም። ካቻምናም፣ ከዚያ በፊት በነበረውም አይደለም። ዓይኔ ጠፍቶ ነበር። አፍሬ ከራሴ እያወጣሁ ጠራሁላችሁ። የትኛው የብራናው፣ የትኛው የራሴ እንደ ሆነ አሁን እኔም አልለየውም። ዋሽቻችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

ከወንዶቹ ወገን ተሻገር የሚባል ገበሬ ድምፁን አሰማ። «ታዲያ የፊተኞቹስ፣ የኔታ?»

«የፊተኞቹ እውነት ናቸው።»

«በምን እናውቃለን?» አለ ተሻገር። ሊያዋርዳቸው አልነበረም፤ እውነቱን ነው የጠየቀው። የሱም ቅድመ አያት ከፊተኞቹ ውስጥ ነበር።

ከሴቶቹ ወገን ሰው እየገፋች የምትመጣ ሴት ሰሙ። ይታይሽ ነበረች። ከፊታቸው ቆመች፤ አተነፋፈሷን ለዩት።

«ቢሻውስ?» አለች።

«ይታይሽ…»

«ቢሻው ነበረ ወይስ አልነበረም? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«አላውቅም፣ ልጄ። እውነት እውነት እልሻለሁ፣ አላውቅም። ሊኖርም ይችላል።»

«ሊኖርም ይችላል» አለች ይታይሽ ቀስ ብላ። «ሊኖርም ይችላል ብዬ ነው ወይ ተዝካር ያወጣሁት? በጉን ያረድኩት? ስንት ሰው ጠርቼ አበላሁ። ሁሉም በልተው አፈሩልኝ እኮ። አሁን ሲሳለቁብኝ ምን ልበላቸው፣ የኔታ? አላውቅም ብለዋል ልበላቸው?»

እጃቸውን ዘረጉ። እጅዋን አላገኙትም። ነጠላዋን እየሳበች ስትሄድ ሰሟት፤ ሰዉም መንገድ ለቀቀላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይታይሽ ወደ አስታ አፋፍ ሚካኤል አልመጣችም። የሁለት ሰዓት መንገድ እየሄደች ሌላ ደብር ታስቀድሳለች ይባላል። በሁዳዴ ጾም የድንበር ጠብ ተነሥቶ «የከጂ ዘር» ብለው ሰደቧት፤ አሁን ደግሞ «መሪጌታ ገዝታ ስም ያስጠራች» የሚል ተጨመረበት። መሪጌታ ይህን ሰምተው ሽማግሌ ላኩ፤ ሽማግሌውን አላስገባችም። ራሳቸው በዲያቆን ተመርተው ሄዱ። ደጇ ላይ ቆመው ተጣሩ። ውስጥ ሆና ትፈጭ ነበር፤ የወፍጮው ድምፅ ለአፍታ ቆመና ቀጠለ። እስኪደክማቸው ቆመው ተመለሱ።

በቀጣዩ ታኅሣሥ ሰበካ ጉባኤው ስለ ስሞቹ ተነጋገረ። አንዳንዶቹ ሠላሳ አንዱ ይጠሩ አሉ። ሌሎቹ ያልተረጋገጠ ስም ዐውደ ምሕረት ላይ አይጠራም አሉ፤ ተሻገርም ከእነሱ ጋር ነበር። መሪጌታ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ ዋሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

የሚካኤል ዕለት ቅዳሴው ሲያልቅ ቄስ ወልደ ሰንበት ወጥተው «በመድፉ መንገድ የቀሩትን ወገኖቻችንን፣ ስማቸውን አንተ ታውቃለህ፤ ነፍሳቸውን ማር» አሉ። ሕዝቡ አንድ ጊዜ «አሜን» አለ። አንድ ትንፋሽ አልፈጀም። ወንዶቹ ያልተወቃውን ክምር ከከብት ለመጠበቅ ወደ አውድማቸው ወረዱ፤ ሴቶቹም ተከተሏቸው፤ ቅጥሩ ቶሎ ባዶ ሆነ። ዲያቆኑ መጥቶ «እንሂድ፣ የኔታ፤ አለቀ» ቢላቸው መሪጌታ ቀለመ ወርቅ አልሰሙትም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ጠጋ ብሎ ቢያዳምጥ አንድ ስም ጀምረው ይተዉታል፤ ሌላ ይጀምሩና ያንንም ይተዉታል።